ከመዝገብ የሚፋቀው ማነው

ፊላግሮስ አብዶ ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ወደ እኔ ላኩት። እኔ ኪቶስ ሠላሳ ዓመት የፕሪኖስ መንደር አዋጅ ነጋሪ ሆኛለሁ። በጉባኤ ስም የምጠራው እኔ፣ ሲንጫጩ «አፋችሁን ዝጉ!» ብዬ የማምባርቀው እኔ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጠገቡ ነበርኩ። ግትር ነበር፣ ኩሩ ነበር፣ አንዳንድ ቀን በዚህ በትሬ አናቱን ባልኩት ብዬ ተመኝቻለሁ። እብድ ግን አልነበረም።

ነገሩ የመጣው ከአቴና ነው። በየመንደሩ መዝገብ ውስጥ መጤ ተሸሽጓል ተባለ፤ የባዕድ ልጅ፣ የባሪያ ልጅ፣ ዜጋ መስሎ መሬት የያዘ። ስለዚህ እያንዳንዱ መንደር ይሰብሰብ፣ የእያንዳንዱ ወንድ ስም ከነአባቱ ይጠራ፣ «ይህ ሰው ከዜጋ አባትና ከዜጋ እናት የተወለደ ነው ወይስ አይደለም?» ተብሎ ይጠየቅ፣ መንደርተኛውም ምሎ ጠጠር ይጣል ተባለ። ድፍኑ ጠጠር «ነው»፣ የተበሳው «አይደለም»። «አይደለም» ከበዛ ስሙ ይፋቃል። መሬት የለው፣ በጉባኤ ድምፅ የለው፣ ልጁን ለዜጋ መዳር አይችል፤ በተወለደበት መንደር መጤ ሆኖ ይኖራል። አልቀበልም ብሎ ከተማ ፍርድ ቤት ሄዶ ከተረታ ደግሞ እንደ በግ ገበያ ወጥቶ ይሸጣል። ቀልድ አልነበረም።

የዚያ ዓመት ሹማችን ፊላግሮስ ነበር። አርባ አምስት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ አንገቱ ቀና ያለ፣ የወይራ ዛፎቹ እንኳ እንደሱ ቀጥ ብለው የቆሙ። አንድ ጊዜ በሬው የጎረቤት ማሳ ገብቶ ቢያበላሽ ባለማሳው ሳያውቅ ራሱ ሄዶ ራሱን ከሰሰ። ሐቀኛ ነበር፤ ሐቀኛነቱንም ያውቃል፤ እኛም እንድናውቅለት ይፈልጋል። እሱ ነበር ጣጣው።

የመጀመሪያው ቀን በመሠዊያው ፊት ቆሞ እጁን በመሥዋዕቱ ላይ ጭኖ ማለ። «እኔ ሹም ሆኜ በዚህ መዝገብ ውስጥ ውሸት አያድርም። ወንድሜም ቢሆን፣ ከቤቴም ቢወጣ አልምርም!» አለ።

ጠጋ ብዬ «ቀስ በል እንጂ፣ አማልክት ጆሮ አላቸው» አልኩት።

«ለዚያ አይደል የምጮኸው» አለኝ።

ሁለት ቀን በሰላም አለፈ። በሦስተኛው ቀን «ኮሜያስ የላምፖን ልጅ!» ብዬ ጠራሁ። ኮሜያስ ድሃ ነው፤ በእግሩ የሚሄድ፣ ምላሱ ግን የተሳለ። አባቱ ከሞተ ቆይቷል። እናቱ ሊሲላ በገበያ ጥብጣብ ትሸጣለች። ከማንም በፊት ራሱ ፊላግሮስ ተነሳ።

«እናትህ ጥብጣብ ቸርቻሪ ናት፣ አይደለም?»

«ናት። አንተም ለልጅህ ለሜሊታ ሰርግ ሦስት ክንድ ገዝተሃል» አለ ኮሜያስ። ሰዉ ሳቀ።

«በወጣትነቷም የሰው ልጅ እያጠባች ደሞዝ ትበላ ነበር። የዜጋ ሴት ጡቷን ታከራያለች? ይሄ የባሪያ ሥራ ነው።»

«የድሃ ሥራ ነው! ድህነት የሚያስፍቅ ከሆነማ ግማሾቻችሁ ከእኔ በፊት ተፋቁ።»

«ዜጋ መሆኗን የሚመሰክር ዘመድ አላት?»

ኮሜያስ ራሱን ነቀነቀ። ዘመዶቿን ጦርነት ጨርሷቸዋል። ይሄኔ ከድንጋይ አጥሩ ውጭ ድምፅ ተሰማ። ሴት ጉባኤ አትገባም፤ ሊሲላም አልገባችም። ቅርጫቷን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች አጥሩን ተደግፋ ቆማለች።

«አንተ ፊላግሮስ! ባሪያ ስትለኝ ማንን እንዳጠባሁ ለምን አትነግራቸውም? አንተን ነው ያጠባሁት! እናትህ ወለደች በተባለ ማግሥት ጡቷ እንደ በጋ ወንዝ የደረቀው ለምንድን ነው? መጠየቅ ከወደድክ እስቲ እሱን ጠይቅ!»

እኛ ሳቅን፤ እኔ ራሴ ከሁሉ በላይ። ወተት ያጠራት እናት ሞልታለች፣ ምን ይገርማል? ፊላግሮስ ግን አልሳቀም። «ዛሬ ጠጠር አይጣልም። ከአራት ቀን በኋላ ተመለሱ» ብሎ ጉባኤውን በተነ።

መንገድ ላይ «የአሮጊት ንዴት ነው፣ ተወው» አልኩት።

«ጥያቄ ጠይቃለች። ጥያቄ ከተጠየቀ መልስ አለው» አለኝ። በእኛ ዘንድ በከባድ ነገር ሰው የሚጠይቅ ምስክር ይዞ ነው የሚሄደው። እኔን ያዘኝ። ሌላ ሰው በያዘ!

በማግሥቱ ጠዋት ሊሲላ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥብጣብ ስታጥፍ አገኘናት። ፊላግሮስ ሰላም አላላትም።

«አንቺ ሴት፣ ትናንት ያልሽውን በምስክር ፊት ድገሚው።»

«ተናድጄ ነው የተናገርኩት። ልጄን ልትፍቅብኝ ምን ልበል? እርሳው።»

«አልረሳውም።»

«እርሳው እልሃለሁ! የልጄን ስም ተውልኝ፣ እኔም አፌን እዘጋለሁ።»

ይሄ እኮ መውጫ በር ነው! ኮሜያስ ይተርፋል፣ አሮጊቷ ዝም ትላለች፣ ሁሉም ወደ ቤቱ። በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። እሱ እቴ!

«ስለ ልጅሽ ከእኔ ጋር አትደራደሪም። ዜጋ ከሆነ ነው፣ ካልሆነ አይደለም። አሁን የምጠይቅሽ ስለ ራሴ ነው። እናቴ ለምን ወተት አልነበራትም?»

ሊሲላ ቀና ብላ አየችው። ጥብጣቡን ቅርጫቷ ውስጥ አስቀመጠች።

«እሺ፣ አንተው ነህ ያልከው። እንዳጠባ የተጠራሁ ዕለት ‹ትናንት ተወለደ› አሉኝ። አራስ ልጅ አይታ አታውቅም ብለው ነው መሰለኝ። እትብትህ ወድቆ እምብርትህ ደርቆ ነበር። የአንድ ቀን ልጅ እትብቱ ይወድቃል? ሳምንት ያለፈህ ልጅ ነበርክ። የእናትህም ሆድ የወለደች ሴት ሆድ አልነበረም።»

«ታዲያ እኔን ማን ወለደኝ?»

«የቀረውን እናትህን ጠይቅ። ከእኔ ከዚህ በላይ አይወጣም።»

በየዓመቱ በወይን አምላኩ በዲዮኒሶስ በዓል በመንደራችን ትያትር እናያለን። ሁልጊዜ አንድ ንጉሥ አለ። ሁልጊዜ አንድ ሽማግሌ «ጌታዬ፣ ይቅርብዎት፣ አይጠይቁ» ይለዋል፤ እሱም ይጠይቃል። እኔ ደረቅ በለሴን እያኘክኩ «አንተ ደደብ፣ ተው!» ብዬ ስጮህ፣ ፊላግሮስ ጉልበቴን ጨብጦ «ዝም በል፣ ንጉሡ ትክክል ነው» ይለኝ ነበር። ከሊሲላ ቤት ስንመለስ እሱን አስታወስኩት።

«እዚያ እኮ መጨረሻው አያምርም፣ አንተ ሰው!» አልኩት።

«ማማሩን ማን ጠየቀ?» አለኝ፤ እርምጃውንም አላዘገየም።

እናቱ ሄዲስቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ግቢ ውስጥ ሱፍ ትፈትላለች። ከሁላችን በፊት ያወቀችው እሷ ናት መሰለኝ፣ ገና ስታየን እንዝርቷ ቆመ።

«ቁርስ ሳትበላ ወጣህ፣ ልጄ። ና ብላ» አለችው።

«እማዬ፣ ሊሲላ ጋ ነበርኩ። ወልደሽኛል?»

«አሳድጌሃለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«ሜሊታ በሚመጣው ወር ልትዳር ነው። ስለ እሷ ብለህ ተው! ስለ እሷ ካልሆነ ስለ እኔ። ቅበረኝና የፈለግከውን ጠይቅ። ስንት ቀን ቀረኝ ብለህ ነው?»

እኔ አላስቻለኝም። «ተው እንጂ! እናት እየለመነችህ!» አልኩ።

ወደ እኔ አልዞረም። «እማዬ፣ በየትኛው አፌ ነው ኮሜያስን ‹እናትህ ማናት› የምለው? ንገሪኝ። ምንም ቢሆን ንገሪኝ» አላት። ድምፁ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻል ነበር።

ነገረችው። ሟቹ ባሏ ዲፊሎስ ያኔ በመርከብ ዘምቶ ነበር። ከመሄዱ በፊት «ስመለስ ልጅ ከሌለ ወደ ወንድሞችሽ ቤት ትሄጃለሽ» ብሏታል። በእርግጥ አርግዛ ነበር፤ በአራተኛው ወር አስወረዳት። ለማንም አልተናገረችም። ከቀሚሷ ሥር ትራስ እያሰረች ወሩን ቆጠረች። በመጨረሻ አዋላጇ በማሰሮ ውስጥ አንድ ሕፃን ይዛላት መጣች። እንደምታውቁት ድሃ ልጁን ማሳደግ ሲያቅተው ማሰሮ ውስጥ አድርጎ መንገድ ዳር ይተወዋል፤ ያነሳው ያነሳዋል፣ ያላነሳው አያነሳውም።

«ከየት አመጣችኝ?»

«አልጠየቅኩም። ሰው የተራበውን ሲያገኝ ከየት መጣ አይልም። እንዳንተ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም» ብላ ማልቀስ ጀመረች። ፊላግሮስ መሬቱ ላይ አጠገቧ ተቀመጠና እንባዋን በልብሱ ጠረገላት።

«አሁንም እማዬ ትለኛለህ?» አለችው።

«ሌላ ማን አለኝ?»

ውጭ ስንወጣ ደሜ ፈላ። «ስማኝ» አልኩት፤ «አዋላጇ ከሞተች ቆይታለች፤ ይህን የምናውቀው አራት ሰዎች ነን። ሁለቱ ሴቶች ናቸው፤ ሴት በጉባኤ አትመሰክርም። እኔ ምላሴን እቆርጣለሁ። አለቀ!»

«አንተ ምላስህን ከምትቆርጥ አንገትህን ትቆርጣለህ።»

«አትቀልድ! በጉባኤው ልትነሳና እናትህን አደባባይ ልታሰጣት ነው፣ አይደል? የልጅህን ሰርግ ልታፈርስ ነው። ይሄ እውነት ፍለጋ አይደለም፣ ትዕቢት ነው! ‹ከሁላችሁ የበለጥኩ ሐቀኛ እኔ ነኝ› ለማለት ነው!»

ቆመ። ቃሉ ወጋው፤ ፊቱ ላይ አየሁት።

«ትዕቢት ይሆናል» አለ። «እኔ ትዕቢተኛ ስለሆንኩ ግን እውነቱ ውሸት አይሆንም። ስለ እናቴ ያልከው ልክ ነህ። እሷን ሳላስፈቅድ አልናገርም።»

ተመልሶ ገባ። እኔ በሩ ላይ ሆኜ ሰማኋቸው። «እማዬ፣ እምቢ ካልሽ ሹመቱን ለቅቄ ዝም እላለሁ፤ ኮሜያስንም ሌላ ይጠይቀው። እሺ ካልሽ ግን እናገራለሁ» አላት።  ሄዲስቴ «አርባ አምስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ደክሞኛል። አውርደው» አለችው።

የቀሩትን ሁለት ቀናት የት እንዳሳለፋቸው ብነግራችሁ አታምኑም። ሦስት መንደር በእግሩ ዞሮ፣ የሊሲላን አባት የሚያውቅ አንድ አንካሳ ሽማግሌ አገኘ። አባቷ ዜጋ እንደነበር፣ መርከብ እየቀዘፈ ባሕር ላይ እንደሞተ ሽማግሌው በጉባኤው ፊት ማለ። የኮሜያስ ጠጠሮች ሁሉም ድፍን ወጡ። ኮሜያስ ተቀመጠና በመዳፉ ፊቱን ሸፈነ።

«አሁን የእኔን ስም ጥራ» አለኝ ፊላግሮስ።

ሆን ብዬ በሳንባዬ ሙሉ ጮህኩ። «ፊላግሮስ የዲፊሎስ ልጅ!»

«የዲፊሎስ ልጅ አይደለሁም» አለ፤ ሁሉንም ተናገረ። ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ ሳያለቅስ። ስለ እናቱ ሲናገር ብቻ «ፈርታ ነው ያደረገችው፤ የፈራችውም ልክ ነበር» ብሎ ወደ ቤቱ አቅጣጫ አየ።

መንደሩ ተናወጠ። የሚስቅ አለ፣ የሚሳደብ አለ። ፊላግሮስ ሹም ሆኖ በመቀጫ ያስመረራቸው ሰዎች ዓይናቸው በራ። አንድ ደግ ሽማግሌ ተነስቶ «ወላጆቹን አናውቅም፤ የዜጋ ልጅ ይሆናል እኮ» አለ።

«ይሆናል አይበቃም» አለ ፊላግሮስ። «ለኮሜያስ ‹ይሆናል› ልቀበል አልነበርኩም። ለራሴም አልቀበልም። ጠጠር ጣሉ።»

ተጣለ። በጉባኤው ሁላችንም እውነቱን እንጥላለን ብለን ምለናል። እኔ ድፍኑን ጣልኩ። አዎ፣ ዋሸሁ፤ በመሐላ ላይ ዋሸሁ፤ አይቆጨኝም። እንደኔ የዋሹ አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። የተበሳው አርባ አራት ሆነ። ፊላግሮስ ጠጠሮቹን አይቶ ቢላዋውን መዘዘ፣ በኖራ ወደተለሰነው የመዝገብ ሰሌዳ ሄደና ስሙን በገዛ እጁ ፋቀው።

ይግባኝ ይላል ብለው የጠበቁ ነበሩ። ቢል ያሸንፍ ነበር ይሆናል፤ ከራሱ አፍ ሌላ ማን ይመሰክርበታል? አላለም። መሬቱ ወደ ዲፊሎስ ወንድም ልጅ ሄደ። የሙሽራው ቤተሰቦች ቀለበታቸውን አስመለሱ፤ ሰርጉ ፈረሰ። ሜሊታ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም፤ አልፈርድባትም። ሄዲስቴ ወደ ወንድሞቿ ልጆች መሄድ ትችል ነበር፤ ጓዟን ጠቅልላ እሱ የተከራየው አንድ ክፍል ገባች።

አንድ ነገር ቀረ። መጤ የሆነ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ተያዥ የሚሆነው ዜጋ ማግኘት አለበት፤ ካላገኘ ይሸጣል። እኔ ሳልጠየቅ «ይኸው እኔ አለሁ» አልኩት።

«አንተ ታዝንልኛለህ» አለኝ። «በሐዘኔታ የቆመ ሰው ስር መኖር አልፈልግም። ኮሜያስን እጠይቃለሁ።»

«አብደሃል እንዴ? ልታሸጠው ምንም አልቀረህም ነበር እኮ!»

«ለዚያ ነው» አለ፤ ሄደ። እኔም ተከተልኩ፤ መቼም ልማዴ ነው።

ኮሜያስ በሩ ላይ ቆመ፤ ግባ አላለውም። ፊላግሮስ ጉዳዩን ተናገረ። ኮሜያስ ሰማውና «እናቴን ባሪያ ብለሃታል። ከእኔ በፊት እሷን ጠይቅ» አለው።

ያ ሰው በሕይወቱ ለማንም ጎንበስ ብሎ አያውቅም። ገብቶ ሊሲላ ጉልበት ላይ ወደቀ። «እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላት። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ፤ ዓይኔ አቧራ ገባው ልበላችሁ?

«ተነስ» አለችው። «ወተቴን ጠጥተህ ያደግክ ልጅ እግሬ ላይ አትውደቅ። ልጄ ተያዥ ይሆንሃል።»

«እሆናለሁ» አለ ኮሜያስ። «ስለወደድኩህ ግን አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለ ፊላግሮስ።

ሊሲላ ግን ገና አልጨረሰችም። «አንድ ያልነገርኩህ አለ። አዋላጇ አይደለችም ያገኘችህ። እኔ ነኝ። የመጀመሪያ ልጄን በቀበርኩ በሦስተኛው ቀን፣ ጡቴ ሞልቶ እያመመኝ በባሕሩ መንገድ ስሄድ አገኘሁህ። አጠባሁህና ለአዋላጇ ሰጠሁህ። እኔማ ራሴም የምበላው አልነበረኝም።»

በትያትር ላይ ማሰሮ ውስጥ የሚገኝ ልጅ ሁሉ ከጎኑ የወርቅ ቀለበት ወይም ጥልፍ ጨርቅ አይጠፋም፤ መጨረሻ ላይ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ይገኛል። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ያንኑ ጠበቅኩ። የፊላግሮስን አንገት አየሁት። ያ አንገት! ሁሉን አጥቶ እንኳ ቀና አለ።

«ከእኔ ጋር ምን ነበር? ምልክት የሚሆን ነገር?»

ኮሜያስ እናቱን አየ። እኔም አየኋት፤ በዓይኔ «አንድ ነገር በይው፣ ምናለበት!» አልኳት።

«ምንም» አለች።

«ጨርቅ እንኳ?»

«ጨርቅ እንኳ። ራቁትህን ነበርክ። ማሰሮው የተሰነጠቀ ነው፣ ዝናብ ገብቶበታል።»

እሷን ያኔ ልገላት ነበር። ፊላግሮስ ግን እጇን ይዞ ሳመው። «አለቅስ ነበር?» ብሎ ጠየቃት።

«ታለቅሳለህ እንጂ! መንገዱን በጩኸት ቀውጠኸው ነበር። ሦስት ሰዎች ከፊቴ አልፈውሃል፤ እኔም ላልፍህ ነበር። ደረቴ በወተት እስኪረጥብ ጮህክብኝ። ዝም ብትል ኖሮ ትቼህ ሄጄ ነበር፣ ልጄ።»